ሰው አለ

ልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት ሴት ቀን ከሌት ስለ ልብስ የምታስብ ይመስላችኋል? ኧረ ወዲያ! እኔ በነዚያ ዓመታት እንቅልፍ ያጣሁት በሽንት ቤት ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ናቸው፤ እዚህ ሰው አገር፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ ሬይነር ጎዳና ላይ አንዲት ጠባብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተከራይቼ እሠራ ነበር። ባቡሩ ገና አልመጣም፣ ሰፈሩም እንደ ዛሬው አልተወደደም፤ ከጎኔ ያሉት ሱቆች መስኮታቸው በጣውላ ተመትቶ ነበር። ከፊት ማሽኖቹ ተደርድረዋል፣ ከኋላ ማድረቂያዎቹ፣ ከማድረቂያዎቹ ጎን ደግሞ አንዲት ሽንት ቤት። በዚያ መንገድ ላይ ምንም ሳይገዙ፣ ማንም ሳይገላምጥ የሚገባባት ሽንት ቤት የኔዋ ብቻ ነበረች። ሶ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል።

ሁሉም ስል መርፌ የሚወጉትም ጭምር ማለቴ ነው። ሄሮይን ያኔ ከተማውን ይዞት ነበር። አንዱ ይመጣል፣ የሚታጠብ ልብስ የለውም፣ ማድረቂያ ፊት ቁጭ ብሎ ይሞቃል፤ ከዚያ ሽንት ቤት ይገባል፤ ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ላይ ምን አውቄ! አንዱን ላብ ሲያጠምቀውና ሆዱን ይዞ ሲቁነጠነጥ አይቼ፣ ቁርጠት ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ሰጥቼዋለሁ። ሰውዬው ዝንጅብሉን ጠጥቶ፣ አመስግኖኝ፣ ሽንት ቤት ገባ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው በራሴ እስቃለሁ።

ሳቁ የቆመው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ማሽኑ ሁሉ ተይዟል፣ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ተራ የምትጠብቅ አንዲት ደንበኛ መጥታ "ውስጥ ያለው ሰው በጣም ቆየ" አለችኝ። ሄጄ አንኳኳሁ፤ ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ፤ ዝም። መለዋወጫ ቁልፍ ስለነበረኝ ከፈትኩት፤ በሩ ግን ጣት የምታሾልክ ያህል ተከፍቶ ቀጥ አለ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነበር፣ ሰውዬው ደግሞ በሩ ላይ ወድቋል። በሩን ስንገፋ ሰውዬውን ነው የምንገፋው። በስንጥቁ በኩል ጫማው ይታየኛል፤ ቡናማ የሥራ ጫማ፣ ክሩ በሥርዓት የታሰረ። ደንበኛዬና እኔ ገፋን፣ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ጨመረልን፣ ወይ ፍንክች! ከበሩ ወዲያ ሰው እየሞተ፣ እኛ ከበሩ ወዲህ ሆነን የጫማውን ክር ነው የምናየው። በመጨረሻ እሳት አደጋዎች መጥተው በሩን ከነፍሬሙ ገነጠሉት።

ሰውዬው ተረፈ፣ እግዜር ይመስገን። ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፍቶ "በርሽ በኔ ምክንያት ስለተሰበረ ይቅርታ" አለኝ። "በሩ ይሰበር፣ አንተ ብቻ ኑርልኝ" አልኩት በአማርኛ፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ። ምን እንዳልኩት ባይገባውም ራሱን ነቀነቀ።

ባለ ህንጻው ግን አልተረፈም፤ በድንጋጤ ሊሞት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜው የገፋ፣ ክስ የሚፈራ ፈረንጅ ነው። በነጋታው አንድ ካርቶን ይዞ መጣ፤ ውስጡ ሰማያዊ አምፖል ነው። "ይሄን ስቀይው። በሰማያዊ ብርሃን ደም ሥራቸው አይታያቸውም፣ መውጋት ሲያቅታቸው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ" አለኝ።

"የት ይሄዳሉ?"

"ሌላ ቦታ።"

ሌላ ቦታ! ይህን ቃል በዚህ አገር ለማይወዱት ሰው ሁሉ መኖሪያ አድርገውታል። ለማንኛውም አምፖሉን ሰቀልኩ፣ ገብቼም መስታወቱን አየሁት። ያየሁት የሬሳ ፊት ነው። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ይዛ ገባች፤ ልጁ እሪ ብሎ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንዳለ ሮጦ ወጣ። የሚወጉት ደግሞ ደም ሥራቸው አልታየንም ብለው የሚተዉት ይመስላችኋል? በዳበሳ ይሞክራሉ፣ ይስታሉ፣ ደግመው ይሞክራሉ። መርፌው አልቀነሰም፤ የጨመረው ወለሉ ላይ የማጥበው ደም ነው።

የተገነጠለውን በር እንዲሠራልኝ የጠራሁት ወንድሜን ነው። ለእናታችን ሁለት ብቻ ነን፤ እሱ ታናሼ ነው። ከኔ በኋላ ነው የመጣው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እንጨት ሥራ ተምሯል፤ እዚህም በርና ካቢኔት የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ገብቶ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ የነካው እንጨት ሁሉ ይታዘዝለታል። "እታለም" ነው የሚለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሲስቅ ከጥርሱ በፊት ትከሻው ነው የሚስቀው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። መኪናውን ከኋላ ፓርክ አድርጎ፣ ካቻቢቴውን የኋላ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ገባ፣ የተሰበረውን ፍሬም ከላይ እስከ ታች ዳበሰ። ከዚያ "እታለም፣ ይሄን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጌ ነው የምሰቅልልሽ" አለኝ።

"መተላለፊያው ጠባብ ነው እኮ! የሰው አፍንጫ ልትሰብርብኝ ነው?"

"አፍንጫ ይድናል። እዚህ ውስጥ ሰው ከወደቀ በሩ ላይ ነው የሚወድቀው። ማንም እንዳይገባበት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።"

እየለካ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እየሰካና እየነቀለ ማውራቱን ቀጠለ። በሩን ከሥሩ ትንሽ እቆርጠዋለሁ፣ ጎንበስ ስትይ የገባው ሰው እግሩ መቆሙን ወይ መጋደሙን ታያለሽ አለኝ። ቁልፉ ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ይሁን፤ ሰው ሲያጣጥር ቁልፍ ፍለጋ አትሮጪ። ይሄን ሰማያዊ ነገር አውልቂው፤ በጨለማ የሚወጋ ሰው የማይሆን ቦታ ይወጋል። እዚህ ጋ ትንሽ መደርደሪያ፣ ዕቃው ወለል እንዳይነካ። እዚህ ጋ ደግሞ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ አንቺ ቆሻሻ ስታወጪ እጅሽን እንዳይወጋሽ። እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ ጎበዝ ልጅ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት ሰጥቶታል እያልኩ በልቤ እኮራለሁ።

ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ። ቃሉ ከቆይታ በኋላ ነው ጆሮዬ ውስጥ የገባው።

ሐምሌ ነበር። ማድረቂያዎቹ ይነዳሉ፣ እኔ ቲሸርቴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ የሱ ሸሚዝ እጅጌ ግን እስከ አንጓው ድረስ ተቆልፏል። "አንተ" አልኩት፣ "ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?"

ድሪሉን አጠፋው። 

"እጅጌህን ሰብስብ።"

"እታለም፣ ተይኝ።"

"ሰብስብ አልኩህ!"

አልሰበሰበም። ገና ያልተሰቀለው በር ላይ ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ። በእጄ ይዤው የነበረውን እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ያልተሳደብኩት ስድብ የለም፤ እናታችንን ሳይቀር ጨምሬ ረገምኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ደንበኞቼ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ልብሳቸውን እያጠፉ በጎን ያዩናል። እሱ ፎጣውን ከፊቱ ላይ አንስቶ፣ አጣጥፎ፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጠልኝ። ያ ማጣጠፉ ነው አንጀቴን የቆረጠኝ።

በኋላ ነገረኝ። ከባድ በር ሲያነሳ ወገቡን ታሞ ነበር፤ ሥራ እንዳይቀርበት ሰግቶ አብሮት ከሚሠራ ሰው የማስታገሻ ክኒን ተቀበለ፤ ክኒኑ ሲያልቅ ያ ሰው ሌላ ነገር ሰጠው። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ትልቅ ክፋት፣ ትልቅ ምክንያት ስፈልግ ነበር። የወገብ ሕመም! ቤቴ መጥቶ "እታለም፣ ወገቤን እሽልኝ" ቢለኝ ምን ነበረበት?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ግን እንደማንኛውም ሰው ደበቅን። እናታችን ኮል ስታደርግ "ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ "ወንድምሽ ከሳ፣ ሚስት ይፈለግለት እንጂ" ሲሉኝ "እሺ፣ እናንተው ፈልጉለት" ብዬ እስቃለሁ። በየምሽቱ ስለቱን እሳላለሁ። አስምዬዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። ምሎ ሲወጣ ከልቡ እንደሚምል አያለሁ፤ ደግሞ ይጠፋብኛል። ሲጠፋ መሀል ከተማ ገብቼ መኪናዬን እየነዳሁ፣ በየሕንጻው ጥግ፣ በየድልድዩ ሥር ጫማውን እፈልጋለሁ። ለምን ጫማውን እንደሆነ፣ የዚያን ቅዳሜውን የሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኔ ያለኝ ወንድም አንድ ነው። አንድ ቀን ከጠፋበት ተመልሶ መጣ፣ የጀመረውን በር ሊጨርስ። ማጠፊያውን ሲያስር ቆሜ አየሁትና ከአፌ ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። "ስማኝ" አልኩት። "አቁም ነው የምልህ፣ ሁሌም አቁም ነው የምልህ። እስክታቆም ድረስ ግን ሌላ ቦታ አትሂድ። እዚህ ና። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።"

ካቻቢቴው እጁ ላይ ቀረ። "እታለም፣ የምትይውን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም። አንተ ብቻ እዚህ ና።"

ዓርብና ረቡዕ የምጾም ሴት ነኝ። ይህን ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን የማፍርበት አይደለም። በሩን ከመዝጋት ይልቅ ማን ውስጥ እንዳለ ማወቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ያደግንበት ግቢ ውስጥ ለተከራዩ ሁሉ አንዲት የቆርቆሮ ሽንት ቤት ነበረች፤ መወርወሪያ የላትም። የሚመጣው ሰው ይስላል፣ ወይም በሩን መታ መታ አድርጎ "ሰው አለ?" ይላል፤ ውስጥ ያለው "ሰው አለ" ብሎ ይመልሳል። ጥያቄውም መልሱም ያው ነው፤ የሚለየው መጨረሻው ላይ ድምፁ ሲነሳና ሲወድቅ ብቻ ነው። ወንድሜ ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ጎረቤት መጥቶ "ሰው አለ?" ሲል ከውስጥ በቀጭን ድምፁ "ሰው የለም!" ይል ነበር። ያቺ ጥርሷ ለሳቅ ታይቶ የማያውቅ ጎረቤታችን እንኳ ሳትወድ ትስቅ ነበር።

ልብስ ማጠቢያ ቤቴ ውስጥ ያንን ልማድ ሕግ አደረግነው። "ሳንኳኳ 'ሰው አለ' ትላለህ። ዝም ካልክ እከፍታለሁ፣ ምንም ሁን ምን እከፍታለሁ" አልኩት። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረበት፦ "አንዴ ስመልስልሽ አትመኚኝ። እየተኛ ያለ ሰውም አንዴ ይመልሳል። ትንሽ ቆየት ብለሽ ድገሚው። ዋናው ሁለተኛው ነው።"

እንዲህ ሆነ ኑሮአችን። አንሶላ እያጠፍኩ አንድ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ኳ ኳ፤ "ሰው አለ።" የአንሶላውን አራቱን ጫፍ አገናኛለሁ፣ ትራስ ልብሱን እጨምራለሁ፣ ተመልሼ ኳ ኳ፤ "ሰው አለ፣ እታለም።" እፎይ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ በዚህ እፎይ ማለቴ እናደዳለሁ። እህት ወንድሟ መርፌ ሲወጋ በር ላይ ቆማ እፎይ ትላለች? ትላለች። እኔ ብያለሁ።

አንድ ቀን ሳንኳኳ "ሰው የለም!" አለኝ።  ሳንቲሙን ከኪሴ አውጥቼ ቁልፉን አዙሬ በሩን ስበረግደው፣ እሱ እጁን ታጥቦ እያደረቀ ቆሞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። ትከሻውን መታሁት። ከዚያ እኔም ሳቅኩ፤ ዕንባዬ እየወረደ ማድረቂያውን ተደግፌ ሳቅኩ። ያን ያህል የሳቅኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ሌሎቹም ለመዱት። በእንግሊዝኛ "አንኳኳለሁ፣ መልስ ስጡኝ" እላቸዋለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ መልሱን በአማርኛ አስተማራቸው። ኮፍያ የማያወልቅ አንድ ረጅም ፈረንጅ ነበር፤ ገና በሩን ስነካው "ሶዋሌ!" ብሎ ይጮሃል፣ የሚታጠቡት ሰዎች በሙሉ እስኪዞሩ። ሲወጣ "ጎበዝ" እለዋለሁ፤ እሱም እንደ ተማሪ ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት አልመለሰችልኝም። ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አየሁ፤ ጉልበቷ ወለሉ ላይ ነው። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ በሩ ወደ ውጭ ተከፈተ፤ በጎኗ አስተኛኋት፣ አምቡላንስ ጠራሁ፣ ተረፈች። የገፋሁት ነገር የለም፤ በሩ ራሱ መንገድ ሰጠኝ። የዚያን ቀን ለወንድሜ "በርህ ሠራ" አልኩት፤ ፊቱን አዞረ።

ባለ ህንጻው በየጊዜው እየመጣ ነጩን አምፖል አውልቆ ሰማያዊውን ይሰቅላል። እሱ ሲወጣ እኔ መልሼ ነጩን እሰቅላለሁ። "እየጠራሻቸው እኮ ነው" አለኝ አንድ ቀን። "ሳልጠራቸውም ይመጣሉ። እኔ የምፈልገው በእግራቸው እንዲወጡ ነው" አልኩት። በኋላ ግን በዕድሜው መሰላል መውጣት ሰለቸው መሰለኝ፣ አምፖሉን ተወልኝ።

ከዚያ እሰይ የምንልበት ጊዜ መጣ። ወንድሜ ራሱ ነው የሄደው፣ ማንም ሳይጎትተው። ከሱስ የሚያላቅቅ መድኃኒት በየቀኑ የሚሰጡበት ክሊኒክ ተመዘገበ፤ ጠዋት ጠዋት ወረፋ ይጠብቃል። ሥጋ ጨመረ። እጅጌውን ሰበሰበ፤ ጠባሳውን አየሁት፣ ሳመኝም ሳምኩትም። ሊንውድ የሚባል ከተማ ውስጥ የበር ሥራ አገኘ፤ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ደስ ብሎት ይነዳል። ለእናታችን ራሱ ኮል አድርጎ ሳቀላት፤ "ድምፁ ተመለሰ" አለችኝ፤ የጠፋ መሆኑን ማን እንደነገራት እንጃ። ውሎ አድሮ መድኃኒቱንም በቃኝ አለና እየቀነሱ እየቀነሱ አስጨረሱት። እኔ ስለቴን አስገባሁ።

በዚያን ጊዜ ሲመጣ ሽንት ቤቱን የሚያየው በባለሙያ ዓይን ነበር። ማጠፊያውን ዘይት ይቀባል፣ ብሎኑን ያጠብቃል። "እታለም፣ ገንዘብ ቢኖረኝ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? የዚህን ከተማ የሽንት ቤት በር ሁሉ እገለብጠው ነበር" ይለኛል። "ለራስህ መጀመሪያ ቤት ግዛ" እለዋለሁ። "ቤትማ እገዛለሁ፤ በሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።" እንዲህ እያልን እንሳሳቅ ነበር።

ማንኳኳት ተውኩ። እሱ ሽንት ቤት ሲገባ እንደማንኛውም ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አለማንኳኳት እንዴት ደስ እንደሚል ማን ያውቃል? አንሶላዬን በሁለት ጆሮዬ አጠፍኩ።

ስልኩ የተደወለው ከሰዓት በኋላ ነው። ፖሊስ ነው። ሊንውድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ሽንት ቤት አለኝ፤ ሌላውን አልሰማሁትም። ምን እንደነካው አላውቅም። ወገቡ ተነስቶበት ይሁን፣ አንድ የድሮ ሰው አግኝቶት ይሁን፣ ማንም አልነገረኝም። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር አስረዳኝ፦ ሰውነቱ ትቶት ስለቆየ የድሮውን ያህል መሸከም አልቻለም። የዳነ ሰው ነው የሞተብኝ። ታሞ ሳለ ያልገደለው፣ ሲድን ገደለው።

ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት ሌላዋን "ልቡ ነው አሉ፣ ድንገት ነው" ስትላት ሰማሁ። ለኔ አዝና ነው፣ ገመናዬን ልትሸፍንልኝ ነው። እኔ ግን መሸፈን አንገሸገሸኝ። "ልቡ አይደለም" አልኩ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ባለበት። "መርፌ ነው። ሽንት ቤት ወለል ላይ ነው የሞተው፣ ብቻውን።"  ሰው ሲሰናበት አንዲት እናት እጄን ጨብጣ ለረጅም ጊዜ አልለቅ አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከአርባው በኋላ ሊንውድ ሄድኩ። ነዳጅ ማደያው ከወርክሾፑ ወደ ቤት በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ከመስታወቱ ኋላ የምትሠራው ሴት በኔ ዕድሜ ናት፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች። እህቱ ነኝ አልኳት። ተራ የሚጠብቀውን ሰው ትታ ወጣች፣ ሳትጠይቀኝ ወደ ጀርባ ወሰደችኝ።

የብረት በር ነው፤ እስከ ወለሉ ድረስ ይደርሳል። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ገባሁ፤ በሩ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ተዘጋ። መብራቱ ሰማያዊ ነው። እጄን አየሁት፤ ደም ሥር የሌለው የሌላ ሰው እጅ ነው። ወንድሜ ይሄንን ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ በአንድ የነገረኝ እሱ ነው። እያወቀ ነው ጀርባውን ለዚህ በር ሰጥቶ የተቀመጠው።

ስወጣ ሴትዮዋ አልሄደችም። "አንኳኳሁ እኮ" አለችኝ። "እምልልሻለሁ፣ አንኳኳሁ። ደንበኛ ሲጠብቅ አይቼ መጥቼ አንኳኳሁ። እሱም መለሰልኝ።"

"ምን አለሽ?"

"በቋንቋችሁ ነው። ሶ... ሶዋሌ። ድምፁም ደህና ነበር። ከመለሰ ደህና ነው ብዬ ተመለስኩ። ዝም ቢል ኖሮ ወዲያው ፖሊስ እጠራ ነበር።"

ግድግዳውን ያዝኩ። ዝም ቢል ኖሮ። እኔ ያስለመድኩት ቃል፣ እሱን ለማትረፍ ያወጣነው ሕግ፣ ሴትዮዋን ከበሩ መለሳት። ለሷ "ተይዟል፣ ሂጂ" ማለት ነው። ለኛ ግን "ድገሚው" ማለት ነበር። ሁለተኛውን ማን ይንገራት?

ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ከዚያ የባሰ። "እንዴት ነው ያለው?" አልኳት። "መጨረሻው ላይ ድምፁ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወደ ታች ወረደ?"

አልገባትም። ሁለቱንም አልኩላት፣ እዚያው የነዳጅ ሽታ ውስጥ ቆሜ። መጀመሪያ መልሱን፦ "ሰው አለ።" ቀጥሎ ጥያቄውን፦ "ሰው አለ?" ደጋግሜ አልኩላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ፣ ከልቧ ለማስታወስ ሞከረች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ይቅርታ" አለችኝ፣ "ለኔ ሁለቱም አንድ ነው የሚመስለኝ።"

በሷ አልፈርድም፤ አንድ ናቸው። መልስ ከሆነ፣ እንደ ልማዱ መልሶ ሁለተኛውን ማንኳኳት ሲጠብቅ ነው የሄደው። ጥያቄ ከሆነ ደግሞ፣ ሲወድቅ ታውቆት፣ ከበሩ ወዲያ ሰው መኖሩን ሰምቶ "ሰው አለ?" ብሎ ከሆነ የጠየቀው፣ የሚፈልገው መልስ ያቺው "ሰው አለ" ነበረች። እኔ ያን ሰዓት ኮሎምቢያ ሲቲ ቆሜ የማላውቀውን ሰው አንሶላ አጥፋለሁ።

ሴትዮዋን አቅፌያት ወደ ሥራዋ መለስኳት። እኔ ግን ከመሄዴ በፊት ወደ ብረት በሩ ተጠግቼ አንኳኳሁ። ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ትንሽ ቆየሁና ደግሜ አንኳኳሁ።